ጥለቱ ወደ ላይ

በዘጠኝ ዓመቴ የቤታችን ፖሊስ እኔ ነበርኩ። ማንም አልሾመኝም፤ ሹመቱን ለራሴ የሰጠሁት ራሴ ነኝ። ከስኳር ዕቃው ማን እንደቆነጠረ፣ አባቴ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ለምን በሌላ መንገድ እንደመጣ፣ ጎረቤት ወንፊት ልትዋስ መጥታ ሳትዋስ ለምን እንደሄደች አውቃለሁ። ያላወቅሁትን እገምታለሁ፤ የገመትኩትን ደግሞ ከማውቀው በላይ አምነዋለሁ። እናቴ ጌጤ «ግድግዳ ጆሮ አለው ያለው ሰው እንደ ዕድላዊት ያለች ልጅ ወልዶ መሆን አለበት» ትል ነበር።

ስለዚህ የዚያን ቅዳሜ ጠዋት አርባ ምንጭ ሴቻ ካለው ግቢያችን በር ላይ የረሺድ መኪና ጥሩምባ ሲጮህ፣ ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ አንድ የተደበቀ ነገር እንዳለ ሸትቶኝ ነበር። ረሺድ ቅዳሜ ሱቁን ዘግቶ አያውቅም። ሲቀላ ውስጥ የስኳር፣ የዘይትና የሳሙና ጅምላ ሱቅ አለው። ቅዳሜ ከየገጠሩ የሚወርደው ቸርቻሪ በሩ ላይ ሲጋፋ ነው የሚውለው። አባቴ ላቀው «ረሺድ ቅዳሜ ዕለት ቢሞት እንኳ የሚቀበረው እሑድ ነው» ብሎ ይቀልድበት ነበር። ሁለቱ ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ በአንድ ዴስክ የተቀመጡ ጓደኞች ናቸው።

«የት ልንሄድ ነው?» አልኳት እናቴን።

«ለሽርሽር። ሐይቅ ዳር።»

«ቅዳሜ?»

«ቅዳሜ መንሸራሸር ክልክል ነው እንዴ? ተነሺና ፊትሽን ታጠቢ!»

መኪናዋን ኤሊ ነበር የምንላት። ሐይቁ ላይ አዞ ሲያጠና የኖረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ለረሺድ የለቀቀለት አሮጌ መኪና ናት። ከኋላ የሚታጠፍ አልጋ፣ ሁለት ዐይን ያለው የጋዝ ምድጃ፣ ከግድግዳው ተስቦ የሚወጣ ጠረጴዛና አበባ ያለው መጋረጃ አላት። ቤቷን ተሸክማ ስለምትሄድ ኤሊ አልናት፤ ፍጥነቷም ስሟን አላሳፈረም። በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ረሺድ እኛንና እትዬ ብርቄን ጭኖ አባያ ዳር ይወስደናል። ያን ቀን ምሳችን ሁልጊዜ ዓሣ ነው። የእስላምና የክርስቲያን ቢላዋ በሥጋ ይለያያል፤ ዓሣ ግን ማንንም ከማንም አይለይም።

እትዬ ብርቄ፣ ሙሉ ስሟ ብርቅዬ፣ ከግቢያችን ኋላ ያለችውን አንዲት ክፍል ተከራይታ የምትኖር የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነበረች። ከእናቴ ጋር በአንድ መዘምራን ያደጉ ናቸው። ከእናቴ እኩል እወዳታለሁ ብል እናቴ ትቀየመኛለች፤ ግን ሲከፋኝ የምሄደው ወደ እሷ ክፍል ነበር። አገሯ ኦቾሎ ነው፤ ከሐይቁ በላይ ገደሉ አናት ላይ የተቀመጠችው መንደር። አባቷ ሸማኔ፣ ወንድሟ ዘካሪያስም ሸማኔ። አባትየው ቀድሞ ሞተ። ዘካሪያስ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ሰባት ዓመቱ ነበር። እናታቸው ደግሞ ከዚያ ቅዳሜ ሁለት ዓመት ቀደም ብላ አርፋለች።

እናቱ ስታርፍ ዘካሪያስ አልተነገረውም። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። በባዕድ አገር ብቻውን የቆመን ሰው፣ ሲወድቅ የሚይዘው እጅ በሌለበት፣ እናትህ ሞታለች ማለት እንደ መግደል ነው። ስለዚህ ሲደውል እትዬ ብርቄ አንዴ «እማዬ ገበያ ወርዳለች» ትለዋለች፣ አንዴ «ጸሎት ሄዳለች»፣ አንዴ «አሁን ገና እንቅልፍ ወሰዳት»። ስልኩን ስትዘጋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትቆያለች። እኔም አጠገቧ ቁጭ ብዬ፣ ውሸት ያለ መንተባተብ እንዴት እንደሚነገር የተማርኩት ከእሷ ነው።

በመካከሉ ሁለት ጊዜ «እመጣለሁ» ብሎ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ክፍሏን ቀብታ፣ ዶሮ ገዝታ፣ አልጋዋን ጭምር ለእንግዳ አዘጋጅታ ጠበቀችው፤ ሁለቱንም ጊዜ ቀረ። በሁለተኛው አንድ ወር ሙሉ ተኛች፤ እናቴ በማንኪያ ነበር የምታጎርሳት። ከዚያ ወዲህ እሱም መደወል ተወ። ዓመት ከመንፈቅ ድምፁ ጠፋ።

ያን ጠዋት እናቴ እትዬ ብርቄን በር ላይ አገኘቻትና እጇን ዘረጋች።

«ስልክሽን አምጪው። ረሺድ አንድ ሠራተኛ አለው፣ ያየዋል።»

«ምን ሆነ? ይሠራል እኮ።»

«ድምፅ ይቆራርጣል። ትናንት ስደውልልሽ መች ሰማሁሽ?»

እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርኩ። እናቴ ትናንት አልደወለችም፤ ካርድ አልነበራትም። ካርድ ግዢ ብላ የላከችኝ እኔን ነው፣ ሱቁ ተዘግቶ ባዶ እጄን የተመለስኩትም እኔ ነኝ። እትዬ ብርቄ ትንሽ አየቻትና ስልኩን ሰጠቻት።

ከዚያ እናቴ ከፌስታል ውስጥ አዲስ ነጠላ አወጣች። ጥለቱ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ፣ ስፋቱ ክንድ የሚያህል፣ ለሠርግ የሚለበስ ዓይነት። «ይቺን ልበሺ፤ ዛሬ አምሮብሽ ልይሽ» አለቻት። ለሐይቅ ዳር፣ ለዓሣና ለጭቃ አዲስ ነጠላ!

ብርድ ልብስ ላቀብል ወደ ኤሊ ስገባ ከአልጋው ሥር ያለችውን ሣጥን ከፈትኩ። ሥራዬ ነው። ከጋቢው ሥር አንድ ቦርሳ አለ፤ በቦርሳው ውስጥ የእትዬ ብርቄ ጥቁር ቀሚስ። እናቷ የተቀበረች ዕለት የለበሰችው፣ ከዚያ ወዲህ ቁም ሣጥኗ ውስጥ ተጣጥፎ የኖረው ቀሚስ ነው። ያለ እሷ ፈቃድ ከቁም ሣጥኗ ማን አወጣው? ከአጠገቡ የራስ ምታት ኪኒን፣ ፋሻና ሁለት ሌላ ጋቢ ነበር። ሣጥኑን ዘጋሁት። 

ከሲቀላ ወጥተን የኩልፎን ወንዝ ተሻግረን ወደ ሰሜን ታጠፍን። በግራችን የጋሞ ተራሮች፣ በቀኛችን በሙዙ ቅጠል መሃል ብቅ ጥልቅ የሚል ቀይ ውኃ። ላንቴ ላይ ረሺድ ቆም ሲል የሙዝ ሻጮቹ መስኮቱን ከበቡት። አንዲት አሮጊት «ውሰጂ እንጂ እናቴ፣ ጣፋጭ ነው!» እያለች እጅ ሙሉ ሙዝ እትዬ ብርቄ ጭን ላይ አስቀመጠች። አባቴ ዘሎ ወርዶ መጋረጃውን ከውጭ ሳበው።

«ፀሐይ እንዳይመታችሁ» አለ።

ፀሐዩ በሌላው በኩል ነበር።

ሁሉም በጣም ይስቁ ነበር። አባቴ የማያስቅ ነገር ይናገራል፤ እናቴ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። ረሺድ ብቻ ዝም ብሎ ይነዳል። እትዬ ብርቄም ትስቃለች፣ ግን ሳቁ ካለቀ በኋላ ትንሽ ዘግይታ ነው። እጄን ይዛኝ ነበር፤ እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

ሐይቁ ዳር ግራር ሥር ቆምን። ዓሣ አጥማጆች ከእንጨት ታንኳቸው ላይ ገና የሚንፈራገጥ ቆሮሶ ሰጡን። እናቴ ዓሣውን በስለት ተልትላ በዘይት ጠበሰችው፤ ማባያው የቃሪያ ዳጣ ዐይን ያስለቅስ ነበር። እትዬ ብርቄ ሁለት ጊዜ ጎርሳ እጇን ሰበሰበች።

«ብዪ!» አለቻት እናቴ፣ በቁጣ ማለት ይቻላል። «እህል ቅመሺ እንጂ። አንጀትሽን ያዥው።»

ረሺድ ከምሳ በኋላ ውዱእ አድርጎ ለብቻው ዞር ብሎ ሰገደ። ከወትሮው ረዘመብኝ። ሲጨርስም አልተነሣም፤ እጁን ዘርግቶ ብዙ ቆየ። ይሄ ሰው አንድ ያጠፋው ጥፋት አለ ብዬ በልቤ መዘገብኩት። በዚህ እንኳ አልተሳሳትኩም። ከብዙ ዓመት በኋላ ራሱ እንደነገረኝ፣ በዚያች ሳምንት የዋሸው አንድ ውሸት ነበር፤ ማረኝ እያለ ነው የቆየው። የተሳሳትኩት ማንን እንደዋሸ ነው።

እትዬ ብርቄ ሳህኖቹን ይዛ ወደ ውኃው ስትወርድ እኔ አልጋው ላይ የተኛሁ መሰልኩ። ሦስቱ ከመኪናው ውጭ ከመስኮቱ ሥር ተቀመጡ። በእኔና በእነሱ መካከል አበባ ያለው መጋረጃ ብቻ ነበር።

«ሽማግሌዎቹስ?» አለ ረሺድ።

«ኦቾሎ ናቸው» አለ አባቴ። «ነገ ሳይነጋ ደጁ ላይ ይሰበሰባሉ። ከቤተ ክርስቲያንም ሰው ይመጣል።»

«ዛሬውኑ ቢነገርስ? እኔ ይህን ነገር በሆዴ ይዤ ማደር ከብዶኛል፣ ወላሂ።»

«መርዶ እንዲህ መንገድ ላይ አይነገርም፣ ረሺድ። ንጋት ላይ ነው፤ ሰው እህል ቀምሶ፣ እንቅልፍ ጠግቦ። ከኋላ ሁለት ጠንካራ ሰው ይቆማል። ከዚያ ነው ሽማግሌው የሚናገረው።»

«እኔ የምፈራው መንገዱን ነው» አለች እናቴ። «የኦቾሎ ሰው አንዱ አግኝቶን አፉ ቢያመልጠው አለቀልን። ወደ ከተማ እንዳንመለስ ያልኩትም ለዚህ ነው። መጋረጃው ተዘግቶ ይቆይ። ዛሬን እንኳ ደስታ ይሁን፤ ነገ ለራሱ ይጨነቃል።»

መርዶ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ጎረቤታችን ለመርዶ ስትጠራ አይቻለሁ፤ «እህትሽ ትፈልግሻለች» ብለው ነበር ያመጧት። አሁን ሁሉ ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ፤ ስልኩ፣ ጥቁሩ ቀሚስ፣ ኪኒኑ፣ ብዪ የተባለው ዓሣ። ኤሊ ውስጥ የኦቾሎ ሰው አንድ ብቻ ናት። እትዬ ብርቄ ደግሞ በዓለም ላይ የቀራት አንድ ሰው ብቻ ነው። ዘካሪያስ ሞቷል።

ያኔ የተሰማኝን አሁንም አልረሳሁትም። ከሐዘኑ በፊት የመጣው ንዴት ነው። ዓሣ አብልተው፣ አዲስ ነጠላ አልብሰው፣ እያሳቁ ወደ መርዶ ይነዷታል። የገዛ እናቴና አባቴ! በመስኮቱ በኩል አያቸዋለሁ፤ አባቴ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል። ዓይኔ ውስጥ ሦስት ወንበዴዎች ሆኑ።

በሌላኛው በር ወጥቼ ወደ ውኃው ሮጥኩ። እትዬ ብርቄ ጎንበስ ብላ መጥበሻውን በአሸዋ ትፈትግ ነበር።

«ወደ ውኃው አትጠጊ፣ አዞ አለ» አለችኝ ቀና ሳትል።

«እትዬ ብርቄ፣ ለሽርሽር አይደለም የመጣነው።»

«አውቃለሁ» አለች።

ደነገጥኩ። «በምን አወቅሽ?»

«ስልኬን ሲወስዱት። እናትሽ ውሸት አትችልበትም፤ የምችልበት እኔ ነኝ።» አሁንም ትፈትጋለች። «ግን ምናልባት ሌላ ነገር ይሆናል እያልኩ ነው።»

«ጥቁር ቀሚስሽን ይዘዋል። ከሣጥኑ ውስጥ አየሁት።»

እጇ ቆመ።

«መርዶ ሲሉም ሰምቻለሁ። ነገ ሲነጋ ነው አሉ። ኦቾሎ።»

አልጮኸችም። ትጮኻለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ፈርቼም ነበር። መጥበሻውን አጠበችው፣ ዘቀዘቀችው፣ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ እጇን ውኃው ውስጥ ነክራ ብዙ ቆየች፤ ስለ አዞው ራሷ ረስታዋለች።

«እኔና እሱ ብቻ ነበርን የቀረነው» አለች በመጨረሻ። «ሁለት ዓመት ሙሉ የእማዬን ሞት ስደብቀው፣ አንድ ቀን እሱ ላይ የሠራሁት በእኔ ላይ ይሠራል አላልኩም።»

አለቀስኩ። እርጥብ እጇን አገጬ ሥር አድርጋ ቀና አደረገችኝ።

«ስሚኝ። እንዳወቅሁ አትንገሪያቸው። እነሱ ለእኔ ብለው ነው የደከሙት። ቤት እስክደርስ እንዳላወቀ ሰው ሆኜ እሄድላቸዋለሁ። ማይልኝ።»

«በጌታ ስም» ብዬ ማልኩ።

ያን ዕለት ጀግና ነበርኩ። የሰው ተንኮል ያጋለጥኩ፣ የምወዳትን ሰው ያዳንኩ ጀግና። ዛሬ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነኝ፤ ክፉ ወሬ ለሰው መንገር የሥራዬ አካል ሆኗል። አንድ ነገር ሙሉውን ሳያውቁ ግማሹን የሚያቀብሉ ሰዎች በየቀኑ ያጋጥሙኛል። አልቆጣቸውም።

ከሰዓት በኋላ ስንጓዝ እናቴ መዝሙር አነሣች። እትዬ ብርቄ ተቀበለቻት። ድምፅ ነበራት፤ ያን ቀን ደግሞ ከሌላው ቀን ሁሉ በልጣ ዘመረች። እናቴ ዞር ብላ አየቻትና ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም፤ ዐይኗ እንባ ሞላ። እኔ ደግሞ እናቴን በጥላቻ አየኋት።

ብርብር ልንደርስ ትንሽ ሲቀረን የአባቴ ስልክ ጮኸ። «እሺ… እሺ… እዚያው ጥላው ሥር ሁን፣ ደርሰናል» አለ። ረሺድ «አልሐምዱሊላህ» ብሎ መሪውን በመዳፉ መታ። እናቴ ወደ ፊት ወንበር ተሻግራ በሁለቱ መሃል ገባች። «እናንተ ከኋላ አረፍ በሉ» አለችና መጋረጃውን ሳበችብን።

በከፊል ጨለማው ውስጥ እኔና እትዬ ብርቄ ብቻችንን ቀረን። ሻሿን ፈታች። ጸጉሯን በጣቷ በተነችው።

«እስከ ነገ አልችልም» አለችኝ በሹክሹክታ። «ለወንድሜ ለትንሽ ጊዜ፣ ለብቻዬ ላልቅስለት። ከመቆማችን በፊት ነጠላውን እመልሰዋለሁ።»

ነጠላውን ከትከሻዋ አውልቃ ገለበጠችው። ያ የሚያምረው ጥለት ከታች ወደ ላይ መጣ፤ አንገቷን ዞረ። ሐዘንተኛ እንዲህ ነው የሚለብሰው፤ ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቆ። አንደኛው ጫፍ ከአልጋው ብረት ጋር ተያይዞ አስቸገራት። አላቅቄ ጫፉን የያዝኩላት እኔ ነኝ። አንገቷ ላይ ያስተካከልኩላትም እኔ ነኝ። ከዚያ ዐይኗን ጨፍና፣ አፏን በነጠላው ይዛ፣ ድምፅ ሳታወጣ አለቀሰች። 

ኤሊ ስትቆም አልታወቀንም። ሞተሩ ሲጠፋ የሰማሁት የአባቴን ሳቅ ነው። ከዚያ የተንሸራታቹ በር እጀታ ተንቋቋ።

በሩ ተከፈተ፤ ብርሃን ገባ። በብርሃኑ ውስጥ አንድ ቀጭን ሰው ቆሟል፤ ኮፍያ አድርጓል፤ አንድ ትልቅ ሻንጣ እግሩ ሥር ነው። አባቴ በአንድ እጁ በሩን፣ በሌላው የሰውየውን ትከሻ ይዟል። «እንግዳ አምጥተንልሻል!» ይላል፤ ፊቱ በሙሉ ጥርስ ነው። ሰውየውን ከፎቶ አውቀዋለሁ፤ ከእትዬ ብርቄ አልጋ በላይ ሰባት ዓመት ከተሰቀለው ፎቶ። ዘካሪያስ ነው።

«ዘኬ!» ስትል ድምፁ ከእሷ የወጣ አልመሰለኝም። «ዘኬዬ! አለህ? አለህ?»

ከአልጋው ወደ በሩ የተወረወረችበትን አኳኋን ዕድሜ ልኬን አልረሳውም። እንደዚያ የተደሰተ ሰው ፊት ከዚያ ወዲህ አላየሁም። እሱ ግን አላየውም። ዘካሪያስ ሸማኔ ነው፤ ሸማኔ ሰው ሲያይ ከፊቱ በፊት የሚያየው ጥለቱን ነው። ዐይኑ እህቱ አንገት ላይ ቀረ።

እትዬ ብርቄ አስታወሰችው። ሁለት እጇ ወደ ነጠላው ሄደ፤ ልትመልሰው ታገለች፤ ጨርቁ እጇ ላይ ተጠቀለለ። ከጥለቱ ይልቅ የነገረው ያ ትግል ነው።

«እማዬ ናት?» አለ።

 አባቴ ፊቱ ላይ የነበረው ሳቅ እዚያው ደረቀ። እናቴ ከፊት ወንበር ዞራ ነጠላውን አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ረሺድ «ያ ረቢ» አለ። ሁለት ጠንካራ ሰዎች ከኋላ ይቆማሉ የተባለው ለእሱ ነበር፤ ግን ለነገ ነበር፣ ለኦቾሎ። ያን ሰዓት ከኋላው የነበረው የገዛ ሻንጣው ብቻ ነው። ወደ ፊት ወደቀ፤ ግንባሩን የኤሊ የብረት መርገጫ ገመሰው።

አሁን የማውቀውን ያኔ አላውቅም ነበር። ዘካሪያስ በዚያች ሳምንት አዲስ አበባ ገብቶ፣ ስልኩን በቃሉ ወደሚያውቀው ወደ ረሺድ ሱቅ ደውሏል። «ፊቷ እስክቆም ለብርቅዬ እንዳትነግሯት፤ ሁለት ጊዜ ዋሽቻታለሁ» ብሏል። «እማዬስ?» ሲለው ረሺድ «ትጠብቅሃለች» አለው። ያቺ ናት ውሸቷ። አርባ ምንጭ መናኸሪያ ላይ ቢወርድ የሚያውቀው ሁሉ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ይለዋል፤ ስለዚህ ብርብር ላይ ይውረድ ተባለ፤ መጋረጃ ባላት መኪና እንቀበለው ተባለ። እትዬ ብርቄም እሱን በዐይኗ ሳታይ አትነገር፤ ቢቀር ሦስተኛውን አትችለውም ተባለ። አንድ ምሽት ሐይቅ ዳር አብረው ይብሉ፣ ይሳሳቁ፤ ጥቁሩ ቀሚስ ለነገ ይሁን፣ ወንድሟ መርዶውን ሲረዳ አብራው የምትለብሰው። ሦስቱ ወንበዴዎች ያሴሩት ይህንን ነበር።

ፋሻው ያን ዕለት ጠቀመ። እናቴ የዘካሪያስን ግንባር ስታስር እትዬ ብርቄ ራሱን ጭኗ ላይ ይዛ ነበር፤ ሁለቱም ያለቅሱ ነበር፤ ለአንድ ሰው ግን አልነበረም። እሱ ለእናቱ ያለቅሳል። እሷ ለምን እንደምታለቅስ እኔና እሷ ብቻ ነበር የምናውቀው። የብርብር ሰው ከበበን። ማታ ሐይቅ ዳር ሊበላ የተያዘው ዓሣ ሳይጠበስ ተጣለ።

በማግስቱ ንጋት ላይ ኦቾሎ ስንደርስ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ደጁ ላይ ቆመው ነበር። ግንባሩ የታሰረውን ሰው አዩት። በመጨረሻ ታላቁ «ከእኛ ቀድሞ ደርሷል ለካ» ብሎ ተቀመጠ። ሌሎቹም ተቀመጡ።

እናቴ እትዬ ብርቄን ለብዙ ጊዜ ጠይቃታለች። «ማን ነገረሽ? ነጠላሽን ምን ብለሽ አዘቀዘቅሽው?» «ራሴ ገመትኩ» ትላታለች እትዬ ብርቄ፣ ያለ ምንም መንተባተብ። አንድም ቀን ወደ እኔ አላየችም። እኔ ግን ፖሊስነቴን ተውኩ። የሰው ቦርሳ አልከፈትኩም፤ መጋረጃ ሥር አልተኛሁም። እናቴ «ልጅቷ አደገች» ብላ ደስ አላት።

ዘካሪያስ ወደ ደቡብ አፍሪካ አልተመለሰም፤ ሲቀላ ላይ ሽመናውን ቀጠለ። አምና አንድ ቀን ሱቁ ሄጄ፣ መወርወሪያውን እያመላለሰ ሳለ ሁሉንም ነገርኩት። ግንባሩ ላይ ያለው ጠባሳ በዐይኔ ትክክል ነበር። እስክጨርስ ሥራውን አላቆመም።

«እናቴ እንደሞተች ያወቅሁት እዚያ ሆኜ ነው» አለኝ። «ብርቅዬ ‹እማዬ ገበያ ወርዳለች› አለችኝ፤ ቀኑ እሑድ ነበር። እናቴ እሑድ ገበያ ወርዳ አታውቅም። ከዚያ ነው መደወል የተውኩት። ካልሰማሁ አልሞተችም ብዬ።»

«ካወቅህ ለምን ወደቅህ?»

«ማወቅና ጥለቱን ማየት ይለያያል።» መወርወሪያውን ያዘው። «ለዚያ አይደለም እኔ የሚቆጨኝ፣ ዕድላዊት። ሰባት ዓመት የጠበቀችኝ እህቴ ‹አለህ?› ብላ ስትጮህ ፊቷን አላየሁትም። ከሞት የተነሣሁባት መሆኔን እንኳ ዛሬ ከአንቺ ነው የሰማሁት። እንዴት ነበር ፊቷ?»

ልነግረው ሞከርኩ። አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ረሺድ የሄድኩት። አርጅቷል፤ ኤሊ ጓሮው ውስጥ ቆማ ዶሮ ያድርባት ነበር። ነገሩን ስነግረው ሰማኝና፣ «ያቺ ምሽት ዕዳችን ናት» አለ። ዶሮዎቹን አስወጣ፣ መካኒክ ጠራ፣ አበባ ያለው መጋረጃ ፈልጎ አጥቶ ባለ ነጠብጣብ ሰቀለ።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ብርቄ ክፍል በር ላይ ቆምኩ። አሁንም እዚያችው ክፍል ናት፤ ጸጉሯ ሸብቷል። ዘካሪያስ ከረሺድ ጋር መኪና ውስጥ ነበር፤ ትከሻው ላይ ለእሷ የሸመነው አዲስ ነጠላ አለ። በመስኮቱ እንዳታየው ጎንበስ ብሏል።

«ተነሺ፣ እትዬ ብርቄ፣ ሐይቅ ዳር እንሂድ» አልኳት።

«ዛሬ?»

«ዛሬ።»

ወደ በሩ አየች። የኤሊን ሞተር ድምፅ ለየችው። ፊቷ ቀስ ብሎ ተለወጠ፤ ያን ፊት አውቀዋለሁ። ምንም ሳልጠይቃት ስልኳን ከትራሷ ሥር አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ከቁም ሣጥኗ ነጠላዋን አወጣች፣ ዘረጋችው፣ ሁለቱን ጫፍ ይዛ መሃል ክፍሉ ላይ ቆመች።

«ጥለቱን ወዴት ላድርገው?» አለችኝ።

ስልኳን መለስኩላትና ጫፉን ያዝኩላት።

«ወደ ታች ነው፣ እትዬ ብርቄ» አልኳት። «ወደ ታች።»